አራት ጣት ያጠረው በር

ጋሽ ውሃ ልክ ይህን ስም ያገኘው ውሃ ልኩን ከጃኬት ኪሱ ስለማያወጣ ብቻ አይደለም። ሰው ቤት ሲገባ ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛውን በዓይኑ ይለካል። ጠረጴዛው ካዘነበለ ወረቀት አጥፎ እግሩ ሥር እስኪሸጉጥ ድረስ ሻይ አይጠጣም። ሚስቱን ለመጠየቅ አማቾቹ ቤት የሄደ ዕለት እንኳ፣ አባትየው ስለ ኑሮውና ስለ ጠባዩ ሲመረምሩት፣ እሱ የሚያየው የቁም ሳጥኑን በር ነበር። በመጨረሻ አላስችል አለውና ብድግ ብሎ ማጠፊያውን አጠበቀው። አባትየው ለልጃቸው «ጠባዩን እንጃ፤ በር መዝጋት ግን ያውቃል» አሏት ይባላል። ሚስቱ ይህን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ታወራዋለች። የምታወራው ታዲያ ሁልጊዜ እያመሰገነችው አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው፣ ቀጥ ያላለ ነገር ዓይኑን የሚያመው ሰው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከወዳጁ በር ጀርባ ተከልሎ ሽንት ቤት ሲቀመጥ ኖረ። ነገሩን ከሥሩ ካላመጣሁት አይገባም።

ሰፈሩ አንድ ረጅም መንገድ ነው። ከመንገዱ በላይ አንድ ረድፍ ቤት አለ፤ ከመንገዱ በታችም አንድ ረድፍ። ከሰዓት በኋላ ሁሌ ከአንድ አቅጣጫ ነፋስ ይነሳና መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ረድፍ በሮች ማጠፊያቸው በቀኝ፣ የታችኛው በግራ ነው። እንዲያ ሲሆን ነፋሱ የተከፈተ በር ሲያገኝ ገፍቶ ይዘጋዋል እንጂ ነጥቆ ከግድግዳ ጋር አያላትመውም። ይህን ሕግ ያወጡት ጋሽ ውሃ ልክና የሥራ ባልደረባው ነበሩ። በሰፈሩ ውስጥ ከነሱ እጅ ያልወጣ በር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ባልደረባው እርሳሱ ይባላል። በሠርጉ ፎቶግራፍ ላይ እንኳ ከጆሮው ጀርባ እርሳስ ተሰክቶ ይታያል። ሁለቱ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አንድ አናጢ ቤት ተቀጥረው፣ አሠሪያቸው የሁለት ሰው መጋዝ አንዱን ጫፍ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው አስያዛቸው። ያ መጋዝ ጠባዩ ለየት ያለ ነው። መግፋት አይፈቀድም፤ እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ ብቻ ይጎትታል፣ ተራው ሲያልቅ ይለቃል። መልቀቅ የማያውቅ ሰው ምላጩን ያጣምማል። ሁለቱ አርባ ዓመት አላጣመሙም።

ውሃ ልክ ወሬኛ ነው፤ እርሳሱ ዝምተኛ። ውሃ ልክ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ እርሳሱ መልሱን እንጨት ላይ ይጽፍለታል። የሚጽፈውም ሰው በማያየው ቦታ ነው፤ በመሳቢያ ጀርባ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ፣ በበር ጠርዝ። «ይህን ያጣመመው ውሃ ልክ ነው።» «እዚህ ጋ ሲደርስ ስለ አማቱ እያወራ ነበር።» የሰፈሩ ቁም ሳጥን ሁሉ በሆዱ ሐሜት ይዞ ይዞር ነበር፤ ባለቤቶቹ አያውቁም። ውሃ ልክ የተጻፈበትን የሚያገኘው ዕቃው ለጥገና ሲመለስ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተሰደበውን ዛሬ አንብቦ ሲናደድ እርሳሱ መላጊያውን ያንሸራትታል።

ከአራት ዓመት በፊት ክፉ ጊዜ መጣ። ማን እንደ ጀመረው እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ታሪክ አለው፤ በእያንዳንዱ ታሪክም ጥፋተኛው ጎረቤት ነው። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በታችኛው ረድፍ ገቡ። ሰው ሞተ። በሦስት ቀን ውስጥ የታችኛው ረድፍ ሰው ልጁን አዝሎ፣ አሮጊቱን ደግፎ ወጣ። የላይኛው ረድፍ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ አየ። እርሳሱ እናቱን በእጅ ጋሪ ላይ አስቀምጦ እየገፋ ሲያልፍ ጋሽ ውሃ ልክም ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። እኚያ እናት አርባ ዓመት ሙሉ ለሁለቱም እኩል ሻይ ሲቀዱላቸው የኖሩ ናቸው። መስኮቱን አልከፈተም። ፈርቶ ነበር፤ አፍሮም ነበር፤ የትኛው እንደ በለጠ እስከ ዛሬ አይናገርም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መጀመሪያ ድስት ጠፋ፣ ቀጥሎ ፍራሽ፣ ቀጥሎ አልጋ፣ በመጨረሻም በሮች። የእርሳሱ ቤት ብቻ ተቆልፎ ቆየ። በሩ ከአንድ ሰፊ ጣውላ የወጣ፣ ለእርሳሱ ሠርግ ሁለቱ አሥራ አንድ ሳምንት የደከሙበት ነበርና በጫማ ቢመቱት የሚሰበረው እግር ነው። ጋሽ ውሃ ልክ ግን ለበሩ እንቅልፍ አጣ። «ይቺንስ አያገኟትም» ብሎ በጠራራ ፀሐይ ካቻቪቴውን ይዞ ሄደ። በጓሮ መስኮት ገብቶ በሩን ከውስጥ ከፈተ። ስድስቱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታና እንደ ልማዱ በመስኮቱ ደፍ ላይ በሰልፍ ደረደራቸው። በሩን ሲያወርደው ከታችኛው ጠርዝ ላይ የሚያውቀውን የእጅ ጽሑፍ አየ።

«ይህን የምታነብ ሰው፣ በሬን ለምን አወለቅከው?»

ጋሽ ውሃ ልክ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያም «ላስቀምጥልህ ነዋ» ብሎ ለበሩ መለሰለትና ተሸክሞት ሄደ።

በር የሌለው ቤት ምን እንደሚገጥመው አርባ ዓመት በር የሠራ ሰው ማወቅ ነበረበት። በሁለት ቀን ውስጥ የእርሳሱ ቤት ተጠርጎ አለቀ። የእናቱ አልጋ ሄደ፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ ከነመስተዋቱ ሄደ፣ የወለሉ ሳንቃ እንኳ ተነቀለ። ጋሽ ውሃ ልክ በሩን አዳንኩ ብሎ ቤቱን ከፍቶ ሰጣቸው። ይህን ለሚስቱም ሳይነግር በሆዱ ያዘው።

በሩ ዓመት ያህል በላስቲክ ተጠቅልሎ ሥራ ቦታው ጀርባ ተቀመጠ። ከዚያ የራሱ የሽንት ቤት በር በዝናብ በስብሶ ወደቀ። ለራስ መሥራት የማይወድ አናጢ ደግሞ ያለ ነው። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» አለ። የሽንት ቤቱ መቃን አጭር ስለሆነ በሩ አራት ጣት ረዘመበት። ቆረጠው። ከላይ መቁረጥ እየቻለ ከታች የቆረጠው ለምን እንደሆነ ሚስቱ አንድ ጊዜ ጠይቃው «እንጨቱ ስለሚስማማ» ብሎ መለሰ። ቁራጩን ግን አልጣለውም፣ አላነደደውምም። ጽሑፉ ወደ ታች ዞሮ መሳቢያ ውስጥ ገባ። አንዱ ሳምንት ሦስት ዓመት ሆነ።

ከዚያ ሰዎቹ ተመለሱ። በሦስት የጭነት መኪና መጥተው ቤታቸው እስኪቃና ድረስ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አደሩ። ሰፈሩም ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መምህሩ ግማሹን ሰፈር ያስተማሩ፣ ሌላውን ግማሽ የቀጡ ሰው ናቸው። «ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ በእጁ ያለ ሰው አምጥቶ ግቢው ውስጥ ያስቀምጥ» ብለው አስነገሩ። በአሥር ቀን ውስጥ የመጣው እጀታ የሌለው ጭልፋ፣ የግራ እግር ጫማ እና አንዲት ዶሮ ነበር። ዶሮዋን መምህሩ አገላብጠው አይተው፣ ይቺ በዚያን ጊዜ ገና አልተፈለፈለችም፣ ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ በጸጸት ሳይሆን በልግስና ያመጣት ሰው ነው አሉ።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። የወሰደውን መመለስ ወስጄ ነበር ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ የሚደፍር አልነበረም። ሆኖም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የላይኛው ረድፍ ግማሹ ጓ፣ ጓ ይላል። ለምን ቢሉ፣ ከታችኛው ረድፍ የተወሰዱት የግራ በሮች እንደ መጡ ከላይኛው ረድፍ ላይ ተገጥመዋል፤ የግራ በር እዚያ ሲገባ ደግሞ ነፋሱ ነጥቆ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። ጋሽ ውሃ ልክ ሥራ ቦታው ተቀምጦ በጆሮው ብቻ ይቆጥር ነበር። ይህቺ የአዋላጇ ናት። ይህቺ የጫማ ሰፊው። ይህቺ ደግሞ ማጠፊያዋ ዘይት ያምራታል።

መምህሩ ይህን ሰምተው መጡና የስም ዝርዝር እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ጋሽ ውሃ ልክ እንቢ አለ። ስም ብሰጥ በሩ ይመለሳል፤ ጎረቤት ግን አይመለስም አላቸው። መምህሩ እንዲህ ያለ ጥበብ ከዚህ ሰው አልጠበቁም ነበርና ተደነቁ። እኛ ግን እንተዋወቅ፤ ዝርዝሩ በእውነት ቢጻፍ አንደኛ ላይ የሚሰፍረው የማን ስም እንደሆነ እሱ ያውቃል።

እንቢ ብሎ ግን ዝም አላለም። በማግስቱ ጠዋት ኪሱን በሰጋቱራ ሞልቶ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪዋ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሷ ከምድጃዋ የሚሞቅ ሴት ናት። ዳቦ ቤቷ ላይ የተገጠመው በር የአዋላጇ መሆኑን ከነፋሱ በስተቀር ማንም ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ጋሽ ውሃ ልክ ዳቦ እስክታመጣለት ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራውን በሩ ሥር ነሰነሰ። ስትመለስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«ዳቦ ቤት ነዋ።»

«ይህ የስንዴ አይደለም። የእንጨት ነው።»

ከዚያ በኋላ የነገራትን እኔ ብሰማው እኔም በሬን ነቅዬ እሮጥ ነበር። እንጨት በል ትል ገብቷል አላት። ያኔ ከአንድ ጭነት ጣውላ የተሠሩ በሮች ሁሉ ተበክለዋል። ትሉ ከበር ወደ መቃን፣ ከመቃን ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ከጣሪያ ደግሞ የሚወርደው የተኛ ሰው ላይ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በሩን አውልቆ ሥራ ቦታ ድረስ አምጥቶ በነጭ ጋዝ ማሳጠብ። በነጻ ነው። ይህን ለዳቦ ጋጋሪ መንገር ማለት በጥሩምባ ማስነገር ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ በር፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ አልጋ ሥራ ቦታው ደጃፍ ተሰለፉ።

ሰዎቹ መጠርጠራቸው አልቀረም። ጋሽ ውሃ ልክ እያንዳንዱን በር እየለካ፣ ከታጠበ በኋላ ልኩ ወደሚገባበት መቃን ይሄዳል፤ ለጎደለበት ቤት አዲስ በር እንሠራለን ሲል፣ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ያልፍ ነበር። ግን ምን ይበሉ? የእኔ አይደለም ያለ ለምን ይዞት እንደ መጣ ሊናገር ነው፤ የእኔ ነው ያለ ለምን ቤቱ ላይ ሲንጓጓ እንደ ኖረ ሊያስረዳ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ጠጋ ብላ በሯን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ እኮ አራት ዓመት ሙሉ ነፋሱ ነው የጠላኝ ስል ነበር» አለች።

«ነፋስ ማንንም አይጠላም እትዬ። የግራና የቀኝ ጉዳይ ነው።»

ለአሥራ አንዱ አዲስ በር ጣውላ ያስፈልግ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ስላለ መምህሩ ሰጡት። ዛፉን ለመሰንጠቅ ግን ያ ረጅም መጋዝ ይፈለጋል። መጋዙ አራት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝጓል፤ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው አልነበረም። መምህሩ ወደ አዳራሹ ሄዱ። ሰኞ ጠዋት እርሳሱ መጣ።

ከስቷል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ያ እርሳስ ግን እንደ ድሮው ከጆሮው ጀርባ ነበር። ሰላም አላለም። የመጋዙን ጫፍ ያዘና ጠበቀ። ጋሽ ውሃ ልክ የሚናገረው ሲያጣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ሳቡ፤ ለቀቁ፤ ሳቡ። የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። ምላጩ አልተጣመመም፤ እጅ የማያስታውሰው ነገር የለም።

ማክሰኞ ስለ እንጨቱ ተነጋገሩ። ረቡዕ እርሳሱ መጋዙን ሳያቆም እናቱ በሁለተኛው ዓመት ድንኳን ውስጥ መሞታቸውን ተናገረ። ባለቤቱ ወገቧን ታማ ልጃቸው ጋ መቅረቷንም ነገረው። እናቱ ሊሞቱ ሲሉ አልጋዬ አሉ፤ የራሳቸውን አልጋ ነበር የፈለጉት። ጋሽ ውሃ ልክ መጎተት ረስቶ ቆመ። እንባው በሰጋቱራ ላይ ጠብ አለ። እርሳሱ አይቶት «ሳብ እንጂ» አለው።

እርሳሱ በየቀኑ ከመሄዱ በፊት የተሰለፉትን በሮች አንድ በአንድ ያያል። ከዚያ አንድ ቃል ይጠይቃል።

«የእኔስ?»

«ይመጣል» ይላል ጋሽ ውሃ ልክ።

እንዲህ እያለ ሳምንቱን ዋሸ። በሮቹ ግን ተራ በተራ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አዋላጇም የራሷን በር አገኘች፤ በእጇ ዳብሳ ዳብሳ ገጠመችው። ይሁን እንጂ ዳቦ ከሌላ ሰፈር ትገዛ ነበር። በዳቦ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ አንገቷን አታዞርም። በር በትል ስም ይመለሳል፤ ሰላምታ ግን አይመለስም።

የጋሽ ውሃ ልክ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ መርፌ ነው። ዓርብ ዕለት ምሳ አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ስለ ሴት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ስለ አንተ ነው አለችው። እሱም ያሰበውን ነገራት። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ነቅሎ ከሌሎቹ ጋር ሊያሰልፈው ነው። አንድ ሰው አምጥቶ ጥሎት ሄደ ይላል። ማን ነው ቢባል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም ተብሏል። ሚስቱ እስኪጨርስ ሰማችው።

«አንተም ትል ነው ልትለው ነው?» አለችው።

 ምግቡን ሳይጨርስ ተነሳ።

ቅዳሜ በጠዋት ካቻቪቴውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። ሁለተኛው ዝጎ አልነቃነቅ አለ። ሲታገለው ከፊት በኩል «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማ። እርሳሱ ነበር። ከተመለሰ ወዲህ እዚህ ቤት እግሩን አስገብቶ አያውቅም። ሚስትየው ደስ ብሏት አስገባችው፣ ወንበር አምጥታ ፊቱን ወደ ጓሮ አድርጋ አስቀመጠችው። ያን ያደረገችው ሳታውቅ ነው የሚል ካለ ሴትዮዋን አያውቃትም።

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ሦስተኛውን ስትቀዳለት እርሳሱ ብድግ አለ።

«ሽንት ቤቱ ያው የድሮው ቦታ ነው?»

«ተበላሽቷል» አለ ጋሽ ውሃ ልክ።

«ምኑ?»

«ወለሉ። ጎረቤት ጋ ብትሄድ ይሻላል።»

«ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ ግባ» አለች ሚስትየው። «በሩን ብቻ ቀስ ብለህ ሳበው፤ አንድ ብሎን ጎድሎታል።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። እርሳሱ ወደ ጓሮ ሄደ፣ በሩ ፊት ትንሽ ቆመ፣ ገባና ዘጋው። ጋሽ ውሃ ልክ ተከትሎት ሄዶ ከበሩ ውጭ ቆመ። ሰው ሽንት ቤት ሲቆይ እንዲህ በጭንቀት የጠበቀ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሚስቱ የልብስ ማስጫው ጋ ሆና የደረቀውን ልብስ እንደገና ትዘረጋለች። ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ስንት ቆረጥከው?»

«አራት ጣት።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች።»

«ጽሑፌስ?»

«መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«አምጣው።»

ሮጦ አመጣው። በበሩ ሥር አሾለከለት። እርሳሱ ውስጥ ሆኖ የራሱን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ይህን የምታነብ ሰው፣ በሬን ለምን አወለቅከው?

«በል መልስ» አለ። «ከሠርጌ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

«ላስቀምጥልህ ብዬ ነበር» አለ ጋሽ ውሃ ልክ፤ ከዚያ ቆመ። እውነት ነበር። ግን ውሃ ልኩን ቢያስቀምጡበት ያዘነበለ እውነት ነው። የበሩን መቃን ይዞ እንደገና ጀመረ። «ቤትህ ተቆልፎ ነበር። በሩን ባልነቅል ማንም አይገባም ነበር። ቤትህን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። የእማማ አልጋ የሄደው በእኔ ነው። ከዚያ ደግሞ በሩን ለዚህ አደረግኩት። እናትህን በጋሪ እየገፋህ ስታልፍም ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ አይቼሃለሁ። አልከፈትኩልህም።»

በሩ ተከፈተ። እርሳሱ ቁራጩን በብብቱ ይዞ ወጣ።

«የመጣሁ ዕለት ቤቴን ሳይ በመስኮቱ ደፍ ላይ ስድስት ብሎን በሰልፍ ቆመው አገኘሁ» አለ። «ሌባ በር ይገነጥላል። ብሎን ፈትቶ የሚደረድር ሌባ በዚህ ሰፈር አንድ ነው ያለው።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«በየቀኑ ጠየቅኩህ እኮ።»

ጋሽ ውሃ ልክ አንገቱን ደፋ። እርሳሱ ወደ መውጫው ሄደ፤ ሻዩን አልነካውም። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«የመጋረጃውን ግን አላውቅም ነበር» አለ። «ሰኞ በሩን አምጣልኝ። በጓሮ ሳይሆን በመንገዱ መሃል። ትል ምናምን እንዳትል» ብሎ ሄደ።

እሑድ ጋሽ ውሃ ልክ ምንም ሳይለካ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ራሱ ላይ ተሸክሞ ወጣ። መንገዱ ከወትሮው ረዝሞበት ነበር። ሰው ከየደጁ ብቅ ብቅ አለ። ጫማ ሰፊው የማን በር ነው ብሎ ጠየቀው። የእርሳሱ ነው፣ እኔ ወስጄበት ነው አለ። ትንሽ ሲሄድ ሌላ ሰው ጠየቀው፤ ያንኑ መለሰ። ሦስተኛው ሳይጠይቀው ነገረው። መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዳቦ የሞላ ሳንቃ በእጇ እንደ ያዘች ቆማ ቀረች፤ ሳቋም ምላሷም የት እንደ ገባ አይታወቅም።

እርሳሱ ደጃፉ ላይ ይጠብቀው ነበር። ከኪሱ የክብሪት ሳጥን አወጣ፤ ስድስቱ ብሎኖች በውስጡ ነበሩ። አብረው ገጠሙት። በሩ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ከታች ግን አራት ጣት ክፍተት ቀረ። ጋሽ ውሃ ልክ ቁራጩን በሙጫና በሁለት ብሎን ልጨምርበት፣ ማንም አያስተውለውም አለ። እርሳሱ ጎንበስ ብሎ ክፍተቱን አየው።

«ይቅር» አለ። «ማን እንደቆመ እግሩን አይቼ እከፍታለሁ። መጋረጃም አያስፈልገኝም።»

ጋሽ ውሃ ልክ ቤት ሽንት ቤቱ ላይ ሚስቱ አበባ ያለበት ጨርቅ ሰቀለች። አዲስ በር ሥራልን ብላ ወር ሙሉ ብትጨቀጭቀው፣ ተራዬ አልደረሰም፣ የሌሎች ይቅደም እያለ ጨርቁን እስከ ዛሬ አላወረደውም። ነፋስ ሲነሳ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ሥራ ግን ቀጠለ። ጋሽ ውሃ ልክ በየጠዋቱ እርሳሱን ሊጠራ ይሄዳል። ያንኳኳል። እርሳሱ ከውስጥ ሆኖ በክፍተቱ ያንን የታወቀ ቡናማ ጫማ ያያል፤ አይቶም ይጠይቃል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«በርህን የወሰድኩት።»

መንገዱ ሁሉ እየሰማ ነው። ከዚያ በሩ ይከፈታል። የመጀመሪያ ሰሞን የጋሽ ውሃ ልክ ጆሮ ይቀላ ነበር። ኋላ ግን ድምፁን ጨምሮ መለሰ፤ አንዳንድ ቀንም «የወሰድኩትና ያሳጠርኩት» እያለ ያሻሽላል። አንድ ቀን ታሞ ሲቀር እርሳሱ ራሱ መጥቶ ሽንት ቤቱ ጨርቅ ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ጽፎ ሄዷል። ምን እንደ ጻፈ ሚስትየው ስታነብ ሳቀች እንጂ ለማንም አልተናገረችም።

ይህን የጠዋት ጥያቄና መልስ በየቀኑ ከምትሰማው አንዷ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ዳቦ ለማድረስ በዚያ ነው የምታልፈው። አንድ ሰኞ ከእርሳሱ ቤት ሁለት በር አልፋ ቆመች። ሳንቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀሚሷን አራገፈች፣ እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደች፣ ደግማ አነሳችና አንኳኳች።

«ማነው?» አለች አዋላጇ ከውስጥ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ዞር ብላ ወደ ጋሽ ውሃ ልክ አየች። እሱና እርሳሱ መጋዙን በትከሻቸው ተሸክመው መንገዱ መሃል ቆመው ነበር። ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

«በርሽን የወሰድኩት ነኝ» አለች።

ከውስጥ የመቀርቀሪያ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በሩ ወደ ግራ ተከፈተ። አዋላጇ ሳንቃው ላይ ያለውን ዳቦ አየች፣ ሴትዮዋን አየች።

«ግቢ፣ በሩ ነፋስ ያስገባል» አለቻት።